ደመወዝ ወይስ ውኃ? ስለ ወታደር የተከፈተ አንድ ክር

ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ ባለኝ አንድ ሌሊት፣ በስልኬ አንድ የውይይት ክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። 58 ምላሽ አለው። አንዱ የእኔ ነው፤ እሱም ስህተት ነበር። ወደዚያ እመጣለሁ።

ክሩን የከፈተው ልጅ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ ይላል። ጥያቄ ብሎ ይጀምር እንጂ መልሱን ይዞ ነው የመጣው። ታናሽ ወንድሙ 12ኛ ክፍል ተፈትኖ ነጥብ አልመጣለትም። የመከላከያን የምልመላ ማስታወቂያ አይቶ ልመዝገብ እያለ ነው። እናታቸው በቁሜ አይሆንም ብለዋል። ልጁ እንደሚለው የእናቱ ፍርሃት በገንዘብ የሚፈታ ነው። የወታደር ደመወዝ እጥፍ ቢሆን ወጣቱ ተሰልፎ ይመዘገባል፣ የገባውም አይወጣም፣ እናቶችም መርቀው ይሸኛሉ። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው ባይ ነው።

1ኛው ምላሽ ጨዋ ነበር። አመሰገነው፣ ተስማማ፣ የቀን ሠራተኛ እንኳ ስንት እንደሚያገኝ እያነጻጸረ ጻፈ። 2ኛው አመስግኖ ብቻ ሄደ። (እንዲህ ያለ ሰው በየክሩ አይጠፋም።) 3ኛው ሒሳቡን አረመ። ካምፕ ያለ ወታደር ቀለቡም ልብሱም ሕክምናውም ከመንግሥት ስለሆነ፣ ደመወዙን ከመምህር ወይ ከቀን ሠራተኛ ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ትክክል አይደለም አለ። 4ኛዋ ሴት ናት። ባሏ ካምፕ ቢበላም እሷና ልጆቿ ካምፕ እንደማይበሉ፣ የቤት ኪራዩ ባለቤት ደግሞ ወታደር ነኝ ብለው እንደማይራራ በሁለት መስመር ነገረችው። 3ኛው ይቅርታ ጠየቀ።

5ኛው እኔ ነኝ። ታሪክ ከልጁ ጋር ነው ብዬ ጀመርኩ። በ1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና ያለው ጦር ያመፀው ለደመወዝ ነው፤ ያኔ ቢጨመርለት ኖሮ ዘውዱም አይወድቅም ነበር ብዬ አሳረግኩ። አራት መስመር ናት። በራሴ ደስ አለኝ፤ ሻይ ላፈላ ተነሳሁ።

ሻዩ ሳይፈላ 6ኛው ምላሽ መጣ። የጻፉት አንድ አዛውንት ናቸው፤ በ4ኛ ክፍለ ጦር ሃምሳ አለቃ እንደነበሩ ይናገራሉ። በዕለቱ ነገሌ አልነበሩም፤ የሰሙት ከነበሩት ነው። ልጄ ብለው ጀመሩና እያባበሉ አረሙኝ። የነገሌው ነገር የደመወዝ አልነበረም፤ የውኃ ነበር። በጥር 1966 መጀመሪያ የወታደሮቹ ጉድጓድ ፓምፕ ተበላሸ። መኮንኖቹ የራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው። ወታደሮቹ ከዚያ እንቅዳ ቢሉ ተከለከሉ። ምግቡም ቢሆን የሚበላ አልነበረም። በዚህ ጊዜ አዛዦቻቸውን ያዙና ለጃንሆይ አቤት አሉ። ጃንሆይ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹ እሳቸውንም ያዙ። ከዚያ እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው።

ሃምሳ አለቃው እዚህ ላይ ትንሽ ሳቁ መሰለኝ። ጄኔራሉን የመታ ሰው እንዳልነበረ ጠቅሰው፣ ወታደሩ ሌላ ማስረጃ ስላልነበረው ሳህኑን አቀረበ ብለው ዘጉት። እኔም ሻዬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ደመወዝ ብዬ የጻፍኩትን ማጥፋት ይቻል ነበር፤ ግን 7ኛው ሰው ቀድሞ ስቆብኛል።

8ኛው ቀን መቁጠር የሚወድ ሰው ነው። ደመወዙም ቢሆን ቀርቶ እንዳልቀረ አስታወሰ። በየካቲት የደብረ ዘይት አየር ኃይል፣ የካቲት 18 ደግሞ አስመራ ያለው 2ኛ ክፍለ ጦር ተነሱ፤ የደመወዝ ጥያቄው ገንኖ የወጣው ያኔ ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ለቀቀ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ወረዱ። ከፓምፕ እስከ ዙፋን ስምንት ወር ብቻ ነው ብሎ ቆጠረው። 9ኛዋ ይህን ሒሳብ አልወደደችውም። የወሎ ድርቅ የት ሄደ፣ የነዳጅ ዋጋ፣ የመምህራኑና የባለታክሲዎቹ አድማ የት ሄደ አለች። መንግሥት በአንድ ፓምፕ አይወድቅም ስትል ሃምሳ አለቃው ተስማሙ። እሳቸው ያሉት ፓምፑ መንግሥት ጣለ አይደለም፤ ፓምፑ የወታደሩን አፍ ከፈተ ነው።

11ኛው ጥሩ ጥያቄ አነሳ። የአያያዝ ነገር ያን ያህል ከሆነ፣ በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት የሞከረው ለምን ክቡር ዘበኛ ሆነ? ከማንም የተሻለ ልብስ፣ የተሻለ ሥልጠና የነበረው እሱ አልነበረም ወይ? 12ኛው የመለሰለት ባጭሩ ነው። ያ የጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና የጥቂት መኮንኖች ነገር ነበር፤ ብዙው ተራ ወታደር የወጣበትን ጉዳይ በቅጡ አያውቅም። ማግስቱን ያተረፈው ደግሞ ሙከራውን ያከሸፈው ጦር ነው፤ ደመወዝ ይጨመርልን አለ፣ ተጨመረለት።

እስከዚህ ክሩ እንደ ሰንበቴ ጨዋታ ነበር። 14ኛው ላይ ተቀየረ።

ጸሐፊው በ1979 ዓ.ም. ኳስ ሲጫወት ከሜዳ የተወሰደ ሰው ነው። ብሔራዊ ውትድርና ነው። አዋጁ በ1975 ሲወጣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ይመለከት ነበር፤ ስድስት ወር ሥልጠና፣ ሁለት ዓመት አገልግሎት። በወረቀት ይህ ነው። ሜዳ ላይ ግን ቀበሌው ኮታ አለው፤ ኮታው ካልሞላ አፈሳ ነው። የሰፈሩ ባለገንዘብ ልጅ በሌሊት ከዝርዝሩ ወጥቶ በምትኩ የሟርተኛይቱ ልጅ እንደገባ ጽፏል። ሁለቱ ዓመትም ሁለት ዓመት አልሆነም። እሱ በአንደኛው ዕድል ኮበለለ፤ አላፍርም ይላል። የሚለው ይህን ነው፦ የዚያ ጦር ችግር ቁጥር አልነበረም፣ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ደርሶ ነበር። በግድ የመጣ ሰው በሩን እያየ ነው የሚተኛው።

17ኛው ከውጭ አገር ነው የጻፈው፤ ተቆጥቷል። አገር ስትወረር ደመወዝና ወጥ አይጠየቅም አለ። በ1969 ዚያድ ባሬ ሲመጣ ታጠቅ ጦር ሰፈር ወደ 300,000 ገበሬ በጥቂት ወር ሠልጥኖ አልዘመተም ወይ? 18ኛው ቀልድ መሰለህ ብሎ ተቀበለው። ከዚያ የተለዋወጡትን እዘለዋለሁ፤ አንዱ የሌላውን አባት ማዕረግ ጭምር አንስቷል።

19ኛዋ የታሪክ መምህርት ትመስለኛለች። ሁለቱንም ገሠጸች። በ1969 ገበሬው ማን እንደመጣበት ያውቃል፤ ካራማራ የት እንደሆነ ባያውቅም ለምን እንደሚሄድ ያውቃል። በ1979 የተያዘው ልጅ ግን ከማን ጋር፣ እስከ መቼ እንደሚዋጋ የነገረው የለም። በመካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው አለች። እኔ ከክሩ ሁሉ ይህቺን አስምሬባታለሁ።

20ኛው አፋቤትን አመጣ። ከባድ ነበር። ኤርትራ ውስጥ የነበረው የመንግሥት ጦር ናደው ዕዝ በመጋቢት 1980 አፋቤት ላይ ፈረሰ። ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥት ተገደሉ። በእያንዳንዱ ክፍል ሦስት ራስ ነበር፦ አዛዡ፣ የፖለቲካ ኮሚሳሩና የደኅንነቱ ሰው። አዛዡ ትእዛዝ ሲሰጥ ሁለቱ ይመዘግባሉ። ጸሐፊው የሚጠይቀው፣ ጄኔራሉ እንደዚህ ሲሆን ያየ አስር አለቃ ለምን ይቆያል ነው። የትኛው ደመወዝ ነው ይህን የሚያክመው?

ከ21 እስከ 24 ስድብ ነው። አወያዩ ሁለቱን አጠፋ። 25ኛው ደግሞ አፈሳን የደርግ ብቻ አታድርጉት አለ። ዛሬ በሕግ የግዳጅ ውትድርና እንደሌለ፣ ሆኖም በ2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በኦሮሚያ ክልል ሕፃናት ጭምር ለውትድርና ተብለው እንደተያዙና ለመለቀቅ ገንዘብ እንደተጠየቀባቸው ይፋ ማድረጉን አስታወሰ። ያኔ ክሩ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። ሦስት ሰዓት ያህል የጻፈ የለም።

ዝምታውን የሰበረው ኮቾሮ ነው፤ የወታደሩ ደረቅ ብስኩት። አንዱ ጥርሱን ኮቾሮ እንደሰበረው ጻፈ። ሌላው ኮቾሮ ሻይ ውስጥ ካልተነከረ ምግብ ሳይሆን ጥይት ነው አለ። ከደብረ ብርሃን የጻፈች እናት የበሶ አሠራሯን ሰጠች፦ ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈትጎ፣ ደቆ። ለወንድሟ ስንቅ ስታዘጋጅ ጨውና በርበሬ ጣል ታደርግበታለች። እዚህ ላይ ክሩ ለሁለት ተከፈለ። በሶ በስኳር ነው የሚሉና በስኳር የሚጠጣ ልጅ ነው የሚሉ። ስድስት ምላሽ በዚሁ አለቀ። ከአፋቤቱ ስድብ የበሶው ይብሳል ብል አልዋሸሁም።

ሃምሳ አለቃው ግን በሶውን ይዘው ወደ ጉዳዩ ተመለሱ። አንድ ሻምበል አዛዥ ነበራቸው። በየቀኑ ከመኮንኖች ክበብ በፊት የወታደሩን ድስት ይቀምሳል። ወጡ ከቀጠነ ግምጃ ቤቱን ይጠራል፤ የተላከው ዘይት የት እንደገባ በሰው ፊት ይጠይቃል። ዕረፍት ፈቃድ የሚወጣበትን ተራ በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ነበር። ዘመድ ያለውም የሌለውም ስሙን እዚያ ያያል። በሁለት ዓመት ውስጥ ከዚያ ሻምበል የኮበለለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከሚስቱ ጋር በነበረው ጠብ የተነሳ እንደሆነ ሃምሳ አለቃው ይምላሉ። ደመወዙ ከጎረቤቱ ሻምበል ጋር አንድ ነበር።

34ኛዋ ከእስራኤል ናት፤ ልጇ እዚያ አገልግሏል። በእስራኤል ውትድርና ግዴታ ነውና ስለ ምልመላ አትጠይቁኝ፤ ስለ ማቆየት ግን ልንገራችሁ አለች። የእኛ ልጆች ብዙዎቹ በፍላጎት ይገባሉ። ከዚያ ቤት ውስጥ ገንዘብ ይጠፋል፤ ልጁ ሊያግዝ ሥራ ይሄዳል፤ ሳይፈቀድለት ስለቀረ ወታደራዊ እስር ቤት ይገባል። ጦሩ ለችግረኛ ወታደር ቤተሰብ የሚረዳበት አሠራር አለው፤ ታሽ ይሉታል። ግን የሚያገኘው የሚጠይቅ ነው፤ የአበሻ ልጅ ደግሞ ችግሩን ለአዛዡ ማውራት ያፍራል። የእሷ ልጅ ያመለጠው አንዲት ወታደር ቤታቸው ድረስ መጥታ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ስላየች ነው። በእ.ኤ.አ. 2015 ሆሎን ላይ የደንብ ልብስ የለበሰ ቤተ እስራኤላዊ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ የታየበትንም ቪዲዮ አነሳች። በዚያ ሳምንት ልጇ ልብሱን ሲለብስ አላየሁትም ብላ ሌላ ነገር አልጨመረችም።

የአሜሪካኖቹ ተራ ደረሰ። 36ኛው ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጆርጂያ አቬኑ ላይ የነበረው የዋልተር ሪድ ወታደራዊ ሆስፒታል ደንበኞቹን ያስታውሳል። በእ.ኤ.አ. 2007 ቁስለኞች የሚያድሩበት 18 ቁጥር ሕንፃ ሻጋታና አይጥ እንዳለበት በጋዜጣ ሲወጣ የጦሩ ሚኒስትር ሥራውን ለቀቀ። በዓለም ሀብታሙ ጦር ነው እኮ ይላል። 37ኛው ደግሞ ማቭኒ በሚባለው ፕሮግራም ገባሁ ባይ ነው። ቋንቋና የሕክምና ሙያ ያላቸውን የውጭ ዜጎች ይቀበል ነበር፤ አማርኛም ከሚፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ለገባ ሰው ዜግነት በፍጥነት ይሰጥ ነበር። በእ.ኤ.አ. 2016 ቆመ። ብዙዎች ፈርመው የደኅንነት ምርመራው ሳያልቅ ዓመታት ጠበቁ፤ አንዳንዶቹም ተሰናበቱ። እሱ ከዕድለኞቹ ነው። ወዳጁ ግን አይደለም። ውል ገብቶ ያላከበረ ጦር ሁለተኛ ማን ይፈርምለታል ይላል።

ይህን ጊዜ ክሩን የከፈተው ልጅ ተመለሰ። የአሜሪካ ምድር ጦር በእ.ኤ.አ. 2022 ከፈለገው 60,000 ምልምል 15,000 እንደጎደለው፣ በእ.ኤ.አ. 2025 ደግሞ የዝቅተኛ ማዕረግ ወታደሮች ደመወዝ 14.5 በመቶ እንደተጨመረ አንብቧል። ይኸው ደመወዝ ነው አለ፤ አሸነፍኩ ማለቱ ነው። 39ኛዋ አላሳለፈችውም። ጦሩ የጎደለውን መሙላት የጀመረው ከዚያ ጭማሪ በፊት እንደሆነ አሳየችው። በእ.ኤ.አ. 2022 ክረምት ፎርት ጃክሰን በሚባለው ጦር ሰፈር በፈተና ወይም በክብደት ለጥቂት የወደቁትን ልጆች ለሁለት ለሦስት ወር የሚያዘጋጅ ትምህርት ተከፍቶ ነበር። በእ.ኤ.አ. 2024 ኮታው ሞላ። ወንድምህን የሚመልሰው ነጥብ ከሆነ ነጥቡን የሚያሳድግለት ትምህርት እንጂ እጥፍ ደመወዝ አይደለም ብላ ወደ ራሱ ቤት መለሰችው። ይህን አላሰበበትም ነበር መሰለኝ፤ አልመለሰም።

ሌሎቹ ሐሳቦች በቶሎ አለፉ። ባለ ሌላ ማዕረግ፣ ማለትም መኮንን ያልሆነው ወታደር፣ ማታ ማታ የሚማርበት ይመቻች አለ አንዱ። ከጦር ሜዳ የመጣ ሰው እንቅልፍ ሲያጣ የሚያየው ሐኪም ይኑር አለች ሌላዋ፤ ለዚህ ግን ማንም አልመለሰላትም፣ አሳዘነኝ። 43ኛው የሰላም ማስከበር ነገር ነው። የተባበሩት መንግሥታት ለአንድ ወታደር በወር የተወሰነ ዶላር ለላኪው መንግሥት ይከፍላል። ከዚያ ለወታደሩ የሚደርሰው የየአገሩ ውሳኔ ነው። ጸሐፊው በሱዳንና በደቡብ ሱዳን መካከል ያለችው አብዬ ደርሶ የመጣ ነው፤ ባጠራቀመው ገጠር ለእናቱ ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል። ቅሬታው በገንዘቡ ሳይሆን በተራው ነው። ሁለቴ የሄደ አለ፤ አሥር ዓመት አገልግሎ አንዴም ስሙ ያልተጠራ አለ። ያልተጠራው ሰው የሚለቀው ደመወዝ አንሶት አይደለም ይላል። የሃምሳ አለቃውን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት የጠቀሰው እሱ ነው።

ከዚያ 46ኛዋ መጣች። በ1983 ልጅ ነበረች፤ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የቀድሞ ጦር የተበተነበት ዓመት። አዲስ አበባ በቤተ ክርስቲያኑ በር ካኪ የለበሰ ሰው ሲለምን ታያለች። አያቷ ሳንቲም ስትሰጠው ጋሼ ብላ ትጠራዋለች። መቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቁሞ ብዙው ወደ ትውልድ ቀዬው እንደተሸኘ ታውቃለች፤ ግን እሷ የምታስታውሰው በሩ ላይ የቆመውን ነው። ከዚያ ወዲህ የምልመላ ማስታወቂያ ባየች ቁጥር ከፖስተሩ ላይ ካለው ወጣት ይልቅ የካኪው ሰውዬ ይታያታል።

ክሩን የከፈተው ልጅ ሁለት ቀን ጠፍቶ 48ኛውን ጻፈ። ድምፁ ሌላ ሆኗል። እናቱን ጠይቋል፤ ለምን እምቢ እንዳሉ። ለካ ታላቅ ወንድማቸው ኤርትራ ነበር። በ1983 ጦሩ ሲፈርስ በሱዳን በኩል በእግሩ ወጥቶ መጣ። ልጁ ይህን ጨርሶ አያውቅም ነበር፤ አጎቱን የሚያውቀው ከሬዲዮው ጋር የሚቀመጥ ዝምተኛ ሰው አድርጎ ነው። እናትየው ስለ ደመወዝ አንድም ቃል አልተናገሩም። ሲመለስ ስምህ ማነው ብሎ የመዘገበው እንኳ አልነበረም ነው ያሉት። ልጁ ከዚህ በኋላ ስለ እጥፍ ደመወዝ አልጻፈም። ደመወዝ አያስፈልግም ማለት አይደለም ብሎ የጨመረው 49ኛው ነው፤ የቤት ኪራይዋ ሴትዮም ደግፋዋለች። እውነት ነው፤ ያስፈልጋል።

50ኛው ላይ ሃምሳ አለቃው ርዕስ ቀየሩ። የሟች ጓዳቸው ሚስት አሉ፤ የጡረታ መብታቸውን ለማስከበር ይመላለሳሉ። ምን ምን ወረቀት እንደሚጠየቅ የሚያውቅ ካለ ይርዳኝ አሉ። አወያዩ ከርዕስ ወጣ ይላል ብዬ ፈራሁ፤ አላለም። መልሱ ግን ተደራርቦ መጣ። ለሚስት የሟቹ አበል 50 በመቶ፣ ለአንድ ልጅ 20 በመቶ እንደሆነ፤ የጋብቻ ማስረጃ፣ የሞት ማስረጃ፣ የአገልግሎት ማስረጃ። ችግሩ የመጨረሻው ነው፤ በ1983 ጠፍቷል። አንዱ የክፍሉን ስምና ዓመቱን ጠየቃቸው። ጻፉለት። በሰዓቱ ውስጥ በዚያው ሻለቃ ነበርን የሚሉ ሁለት ሰዎች ብቅ አሉ፤ አንዱ ሟቹን በቅጽል ስሙ ያውቀዋል፣ መትረየስ ተኳሽ ነበር አለ። ምስክርነት ካስፈለገ እመጣለሁ ብሎ ከተማውን ጻፈ።

58ኛው ምላሽ የልጁ ነው። መሥሪያ ቤቱ ከሚኖርበት ሁለት ታክሲ እንደሆነ፣ ሰኞ ጠዋት ሄዶ ለእማማ ተራ ሊይዝላቸው እንደሚችል ጽፎ፣ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ብቻ ጠይቋል።